ይነቀል ወይስ ይቆይ?

ከየገጠሩ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ እህል መርካቶ ሲደርስ ብዙው የሚራገፈው እህል በረንዳ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ በቆሎው በጆንያ በጆንያ ይከመራል። ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል። ነጋዴው ይጣራል። ሴቶች ወንፊትና ሰፌድ ይዘው እህል ያበጥራሉ፣ ያንጓልላሉ።

ከእነዚህ አበጣሪዎች አንዷ ተማሪያችን ናት። እኛ ቀን ዩኒቨርሲቲ እየተማርን ማታ ማታ በዚሁ ሰፈር ፊደል የምናስቆጥር አስተማሪዎች ነን። እሷም ቀን ሰፌዷን፣ ማታ ደብተሯን ትይዛለች። ከገጠር ከመጣች አራት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ የ11 ዓመት ልጅ ናት። ትንሹ ገና 3 ዓመቱ ነው። ዛሬ የምንጽፈው በዚህ ትንሽ ልጅ ጥርስ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ረፋድ ነበር። አዲስ ደብተር ልናደርስላት ሄደን ቆመናል። ልጁ ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው ሲዘል እግሩ አዳለጠውና ወደቀ። አፉ ከእህል ሚዛኑ ብረት ጋር ተጋጨ። ለቅሶው ከገበያው ጫጫታ በላይ ተሰማ። እናቱ ሰፌዷን ጥላ ሮጠች። አፉን ስትከፍተው ደም ሞልቶታል። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ አንዱ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሏል። ሲነኩትም ይነቃነቃል።

ሰው ከበበን። ሁሉም ሐኪም ሆነ።

«ክር አምጡ!» አለ አንድ ተሸካሚ። «አስሮ ሳብ ማድረግ ነው፤ አያውቃትም።»

«ተዉ እንጂ፣ ቅርንፉድ አድቅቃችሁ ያዙበት። ያደነዝዝለታል» አሉ አንዲት ቅመም የሚሸጡ እናት።

«እዚህ ከጀርባ አንድ ወጌሻ አለ። በጉጠት አንድ ጊዜ መንገል ነው፤ አለቀ» አለ ሌላው።

የእህሉ ባለቤት ደግሞ ከሚዛኑ ሳይነሣ እንዲህ አለ፦ «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ምን ያስለቅስሻል! ዛሬ ባይወልቅ ነገ ወላቂ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እኛም የምናስበው እንደ እህሉ ባለቤት ነበር። ይባስ ብሎ ከእኛ አንዱ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ወደ ቦታው ሊመልስ እጁን ዘረጋ። እናትየዋ እጁን መታ መለሰችው። «አትንኩብኝ!» አለች። «የትልቋን አንዴ አስነቅዬ አይቻለሁ። የሱን አላስነቅልም!»

ይህን ያለችበት ምክንያት አላት።

ትልቋ ልጅ የተወለደችው ገጠር ነው። ጥርስ ሳታበቅል፣ የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ተቅማጥና ትኩሳት ያዛት። ድዷ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ታየ። «ግግ ነው፤ ካልወጣ ይገድላታል» ተባለ። አንዲት አዋቂ መጡና በወስፌ ድዷን ቆፍረው አወጡት። የወጣውንም ለስላሳ ነገር «ይኸው ትሉ» ብለው አሳዩ።

ውድ አንባቢያን፣ ያ ነገር ትል አልነበረም። ገና በድድ ውስጥ ያለ ያልጠነከረ ጥርስ ነበር። ብዙ ጊዜ ግግ የሚባለው ሊበቅል የተዘጋጀው ክራንቻ ጥርስ ነው። ድዱ ላይ የሚታየውም እብጠት የእሱ ነው። ተቅማጡ የመጣው ከውሃ ወይም ከምግብ ነው እንጂ ከጥርስ አይደለም። ግግ የወጣለት ሕፃን ደም ሊፈሰው፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው ይችላል። በተቅማጥ ለደከመ ሕፃን ይህ ሲጨመርበት ሞት አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሕፃንን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥለውን ሰው ይቀጣል።

ልጅቷ ግን ዳነች። እናትየዋም ነገሩን ረሳችው። ከአሥር ዓመት በኋላ ቋሚው ክራንቻ ከታች በግራ በኩል በቀለ። ሲበቅል ትንሽ ነው፤ ቡናማ ነው፤ ተጣምሟል። ልጅቷ አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ወስፌው የነካው የወተቱን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ የነበረውን ቋሚውንም ነክቶት ኖሯል። ጉዳቱ የታየው ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ያቺ እናት በገበያ መካከል «አትንኩብኝ» ያለችው ይህን አይታ ነው።

አፉን በንጹሕ ውሃ አጠብንለት። ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፈን የደማውን ድድ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያዝ አደረግንለት። ደሙ ቆመ። ከውጭ ከንፈሩ ማበጥ ሲጀምር በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አደረግንበት። ከዚያም ልጁን አዝለን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። እናትየዋ በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፦ «ማታ ተኝቶ ሳለ ወልቆ ቢያንቀውስ?»

ተራችን ሲደርስ ያየን ወጣት ጤና መኮንን ነበር። እሷ ግን ዶክተር እያለች ነው የምትጠራው። በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጥርሱ አይደለም። «ሲወድቅ ራሱን ስቶ ነበር? አስታውኮታል? እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል?» አለ። የወደቀ ልጅ ጭንቅላቱም ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ካለ ጥርሱ ይቆይ፤ ልጁ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ። ቀጥሎም የክትባት ካርዱን ጠየቀ። ሕፃናት በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት ከመንጋጋ ቆልፍ የሚከላከለውን ይጨምራል። አፈር የነካው ቁስል ላለበት ልጅ ይህ ክትባት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ከንፈሩን ገለጠና የተሰበረ የጥርስ ስባሪ ተሰክቶበት እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰ። ጥርሱን ቀስ ብሎ ነካ። በመጨረሻም ልጁን «እስቲ ንከስ፣ እንደ ጅብ ግጠም!» አለው። ልጁ ከለቅሶው መካከል ጥርሱን ገጠመ። ጤና መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አየ። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ እንደ ወትሮው ተገናኙ። የተመታው ጥርስ ቀድሞ አልተጋጨም።

«አይነቀልም» አለ። «ይቆያል።»

ለምን? ያን ዕለት የነገረንን፣ እኛም በኋላ መጽሐፍ አገላብጠን ያገኘነውን እንጽፋለን።

ሕፃን በስድስት ወሩ ገደማ ጥርስ ማብቀል ይጀምራል። ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ 20 የወተት ጥርሶች ይኖሩታል፤ 10 ከላይ፣ 10 ከታች። በስድስትና በሰባት ዓመቱ የፊት ጥርሶቹ መነቃነቅ ይጀምራሉ። ይህ መነቃነቅ ጉዳት አይደለም። ቋሚው ጥርስ ከውስጥ ሲመጣ የወተቱ ጥርስ ሥር እየተበላ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ሕፃናት ሁላችንም እንዳደረግነው ጥርሳቸውን በምላሳቸው እያወዛወዙ ራሳቸው ይጥሉታል። የወለቀውን ብታዩት ሥር የለውም ማለት ይቻላል።

የሦስት ዓመት ልጅ ጥርስ ግን ሌላ ነው። ሙሉ ሥር አለው። ሥሩም በአጥንት ውስጥ ተተክሏል። በክር የሚሳበው የስድስት ዓመቱ ልጅ ጥርስና በምት የተነቃነቀው የሦስት ዓመቱ ልጅ ጥርስ ሁለቱም «የተነቃነቀ የወተት ጥርስ» ይባላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የተሸካሚው ስሕተት ይኸው ነበር። የእኛም።

ቋሚው የፊት ጥርስ ደግሞ ከወተቱ ጥርስ ሥር አጠገብ፣ በስተኋላው፣ በአጥንት ውስጥ በመሠራት ላይ ነው። ገበሬ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። አረም ከቡቃያ ሥር ተጠላልፎ የበቀለ እንደሆነ ዝም ብሎ አይጎተትም፤ ቡቃያውም አብሮ ይነሣል። በጉጠት መመንገል፣ በወስፌ መቆፈር፣ እንደኛ ጓደኛም በአውራ ጣት መግፋት ያንን ቡቃያ ሊጎዳው ይችላል። አወዳደቁ ራሱ ጎድቶትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ግን የኛ እጅ መጨመር የለበትም።

በምት የተነቃነቀ ወይም ትንሽ ዘንበል ያለ የወተት ጥርስ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠነክራል። ምላስና ከንፈርም ቀስ በቀስ ገፋ እያደረጉ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ጥርሱ ተመትቶ ወደ ድዱ ውስጥ ቢሰምጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል፤ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። የጥርስ ጉዳት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያም የልጁ አፍ የሚገጥም ከሆነ ጠብቁ፣ ተከታተሉ ይላል።

እናትየዋ አልረካችም። «ሌሊት ቢወልቅስ?» አለች እንደገና።

«ጥያቄሽ ትክክል ነው» አላት። «ጥርሱ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚል ቢሆን ኖሮ ወይም ረዝሞ ወጥቶ አላስገጥም ቢለው ኖሮ ይነቀል እል ነበር። ወደ ሳንባው ከገባ አደጋ ነው። ይሄ ግን ሥሩ ይዞታል። ነቅነቅ ይላል እንጂ አይንጠለጠልም።»

ስለዚህ ጥርስ የማይነቀል ነገር ነው ብላችሁ እንዳትይዙብን። የሚነቀልበት ጊዜ አለ። ሲነቀልም በሠለጠነ ሰው፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ ተደንዝዞ ነው። አንድ የፊት የወተት ጥርስ ሲነቀልም ዓለም አይጠፋም፤ ልጁ ይበላል፣ ይናገራል፣ ይስቃል።

የታዘዘላት ነገር ቀላል ነበር፤ ጥበቃው ነው የከበደው። ለአንድ ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ፦ ገንፎ፣ አጥሚት፣ በወጥ የራሰ ፍትፍት፣ የበሰለ ድንች፣ ሙዝ። ቆሎ የለም። ሸንኮራ የለም። እንደ ጡጦና ጣት መጥባት ያለውም ይቅር። አፉ ከበላ በኋላ በንጹሕ ውሃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ብዙ እናቶች ልጁን እንዳያመው ብለው ማጽዳቱን ይተዋሉ፤ ቁስሉ የሚመረቅዘው እንደዚያ ሲሆን ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ታዘዘለት። አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም። ቅርንፉድና አረቄ የቆሰለ ድድ ያቃጥላሉ፤ ቅመም ሻጯ እናት ይቅር ይበሉን። ጎረቤት የተረፈው አንቲባዮቲክም አይሰጥ። ይህን መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ብቻ ነው።

ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ ጆንያ ላይ ነበር። እናቱ ግን አልተኛችም። ሌሊት እየተነሣች በስልኳ መብራት አፉን ታያለች። ትምህርት ላይ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ጥርስ ስጠብቅ አደርኩ» ትለናለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ነገር መጣ። ጥርሱ ጠንክሯል፤ ግን መልኩ ተለወጠ። እንደ አመድ ግራጫ ሆነ። እህል በረንዳ እንደገና ሐኪም ሞላው። «ሞቷል፤ ይውጣ» ተባለ። ያ የወጌሻ ነገርም ተነሣ። የዚህን ጊዜ እኛም ፈራን።

ጤና መኮንኑ ግን አልደነገጠም። በምት ጊዜ በጥርሱ ውስጥ ያለው ደም ስለሚፈስና ስለሚቋጥር ነው ጥርስ የሚጠቁረው። ቆዳ ተመትቶ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። አንዳንዱ መልኩ ይመለሳል፤ አንዳንዱ እስኪወልቅ ድረስ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። መልኩ መጥቆሩ ብቻ ለመንቀል ምክንያት አይሆንም። ሌላ ምልክት ሲኖር ነው የሚያስፈራው። ከጥርሱ በላይ ድዱ ላይ መግል የቋጠረ ብጉር የመሰለ ነገር ቢታይ፣ ፊቱ ቢያብጥ፣ ቢያተኩሰው፣ የጠነከረው ጥርስ እንደገና ቢነቃነቅ፣ ልጁ በዚያ በኩል አልነክስም ቢል፣ ያን ጊዜ መርቅዟል ማለት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። እናትየዋ ይህን በደብተሯ ጻፈችው። «መግል» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችን። ከጻፈቻቸው ቃላት ሁሉ ያቺን ቃል ያለ ስሕተት ነው የጻፈቻት።

እዚህ ላይ ገጠር ላላችሁ አንባቢዎቻችን የተለየ ነገር እንንገራችሁ፤ ሰው የሚሳሳትበት ነውና።

የወተት ጥርስ ከነሥሩ ሙሉ በሙሉ ቢወልቅ ተመልሶ አይተከልም። ወደ ቦታው ለመክተት መሞከር ቡቃያውን ይጎዳል። ጥርሱን ፈልጋችሁ አግኙት፤ ካልተገኘ ልጁ ውጦት ወይም ወደ ውስጥ ሰምጦ ሊሆን ይችላል። ቢውጠው ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ከሰገራው ጋር ይወጣል። ካሳለው፣ ካፈነው፣ ሲተነፍስ ካፏጨ ግን ወደ ሳንባው ገብቷልና ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ቋሚ ጥርስ ቢወልቅ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። የስምንት ዓመት እረኛ በላም ቀንድ ተመትቶ ወይም ከዛፍ ወድቆ የፊት ጥርሱ ወለቀ እንበል። ያ ጥርስ ቋሚ ነው። ከወተት ጥርስ ተለቅ ያለ ነው፤ ጫፉም ገና እንደ ማጭድ ጥርስ ሸካራ ሊሆን ይችላል። ሌላ አይበቅልለትም። ስለዚህ አትጣሉት። ሥሩን አትንኩ፤ በሚነክስበት በኩል ያዙት። አፈር ከነካው በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት እንጂ አትፈግፍጉት። ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ጉድጓዱ መልሱና ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዝ። ይህ ካልተቻለ ጥርሱን በወተት ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ። ላም ያለበት ቤት ወተት አይቸግረውም። በደረቅ ጨርቅ የተቋጠረ ጥርስ ይሞታል። ከአንድ ሰዓት ካለፈ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከገጠር ሐኪም ዘንድ በአንድ ሰዓት መድረስ ብርቅ ነውና እዚያው ወደ ቦታው መመለሱ ነው ዋናው።

ወደ እህል በረንዳ እንመለስ።

በስምንተኛው ሳምንት የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ካርዱ ላይ ያለውን ቀን እኛ አላነበብንላትም፤ ራሷ አንብባ፣ ከእህሉ ባለቤት ግማሽ ቀን አስፈቅዳ ሄደች። ትልቋንም ልጅ ይዛት ሄደች። ጤና መኮንኑ የትንሹን ጥርስ ነካ፤ አልተነቃነቀም። ዘንበል ያለውም ቀና ብሏል። ግራጫነቱ እንዳለ ነው። ድዱ ንጹሕ ነው። «ቋሚው እስኪበቅል አልፎ አልፎ ይታይ» አለ።

ከዚያ እናትየዋ ትልቋን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። «የሷንም እይልኝ» አለች። ልጅቷ እጇን ከአፏ ላይ አላነሣም አለች። ትንሹ ወንድሟ «እንደ ጅብ ግጠሚ!» ሲላት ሳቀች፤ ጤና መኮንኑም በዚያች ቅጽበት አየው። ጥርሱን የሚያስተካክል ሐኪም ሆስፒታል እንዳለ ነግሯቸው የመላኪያ ወረቀት ጻፈ። እናትየዋ ወረቀቱን ቆማ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ያልገባት አንድ ቃል ነበር። እሱን ጠይቃ ከተረዳች በኋላ አጣጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።